58 ተማሪ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ መብራት እንደፈለገ፦ ኤአይና ሲሙሌሽን ክፍል ውስጥ እንዴት ይግባ?

የሳቢያን ፊዚክስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ 9ኛ ክፍል፣ ፊዚክስ። በአንድ ክፍል 58 ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ያለው ዕቃ ይኼ ነው፦ 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ከሌሎች ዲፓርትመንቶች ጋር በወረፋ የሚያዝ ፕሮጀክተር፣ ስልኬ። ኢንተርኔቱ ከራሴ ፓኬጅ ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል። ከተማሪው ግማሽ ያህሉ ስማርት ስልክ አለው፤ ግን ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ካልተያዘ ስልክ ወደ ግቢ አይገባም።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ያለ ኢንተርኔት ሲሙሌሽንና ልምምድ ለተማሪው እንዴት ላድርስ? ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ጥያቄ ሲያወጡልኝ ምናቸውን ልመን፣ ምናቸውን ልፈትሽ? ሦስተኛው የቤት ሥራ ነው፤ ሁሉም ከኤአይ ተገልብጦ ይመጣል፣ 58ቱም አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ይህን የሚለይ ሶፍትዌር የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሥልጠና ላይ የሚባለውን «የቴክኖሎጂ ጠቀሜታ» አውቀዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ይዤው የምገባውን ንገሩኝ።

ዲቫይደር

አቦ ዕቃውማ አለህ! የጎደለህ አንድ ራውተር ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ራውተር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቆመው፣ ራውተር ካለ መስመር መኖር አለበት ብሎ ስለሚያስብ። የራውተሩ ሥራ ስልኮቹን ከላፕቶፕህ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ ትምህርቱ የተቀመጠው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ኮሊብሪ የሚባለውን፣ ያለ ኢንተርኔት ቪዲዮና ልምምድ የሚያቀርብ የትምህርት ሶፍትዌር ጫን። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሄዳል፣ ይዘቱን አንዴ ካወረድክ በኋላ መስመር አይጠይቅህም። ስታወርድ ግን የካን አካዳሚን (ነጻ የቪዲዮና የልምምድ ትምህርት ነው) ቻናል በሙሉ አምጣ እንዳትለው፤ ፓኬጅህንም ዲስክህንም ይጨርሰዋል። ቻናሉን ከፍተህ በዚህ ሴሚስተር የምታስተምረውን ምዕራፍ ብቻ ምረጥ፤ የመረጥከው ስንት ጂቢ እንደሆነ ከመጫንህ በፊት ያሳይሃል። ከባዱ ቪዲዮው ነው፤ ልምምዱ ቀላል ነው። ዳታ ካጠረህ ልምምዱን አውርድና ቪዲዮውን ተወው። ደግሞ አንድ መምህር ካወረደ ይበቃል፦ ኮሊብሪ ያወረደውን ወደ ፍላሽ ኤክስፖርት ያደርጋል፣ የሌላው መምህር ላፕቶፕ ከፍላሹ ይቀበላል።

ከዚያ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ላን ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካ። ለብቻዋ ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሟ የሚለየው፣ የኢንተርኔት መግቢያ ናትና እሷን ተዋት። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ስጠው፣ ለምሳሌ 192.168.0.100። ካልሰጠኸው መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አድራሻው ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍከው ከንቱ ነው። ተማሪው ዋይፋዩን ይይዝና ብራውዘር ላይ 192.168.0.100:8080 ብሎ ይገባል። መጨረሻ ላይ ያለው 8080 የኮሊብሪ በር ቁጥር ነው፣ እሱን የረሳ አይገባም።

አሁን የሚበላሸውን ልንገርህ፣ ጊዜ የሚገድለው እሱ ስለሆነ።

ራውተር ከመግዛት የዊንዶውስን ሞባይል ሆትስፖት ልጠቀም ካልክ፣ ከ8 ስልክ በላይ አይቀበልም። ደግሞም ላፕቶፑ ራሱ ከሆነ መስመር ጋር ካልተገናኘ ሆትስፖቱ አልበራም ይላል። ለ58 ተማሪ አይሆንም።

«ገጹ አልከፍት አለ» የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ከፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያይ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበውና ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ይዘጋል። ወደ «ፕራይቬት» ቀይረው፣ ኮሊብሪንም በፋየርዎሉ ፍቀድለት። ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ ስልክ ላይ እምቢ ካለ ሌላ ነገር አትፈልግ፣ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ከስልኮቹ ነው። አንድሮይድ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል፣ ተማሪው ግን ዋይፋይ ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ዳታ አጥፉ» ይሁን። «ኢንተርኔት የለም፣ ተገናኝተህ ትቆያለህ?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ ይበሉት።

ሦስተኛው ላፕቶፑ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ክዳኑ ሲዘጋና ሳይነካ ሲቆይ ምንም እንዳያደርግ አስተካክለው፤ አለበለዚያ ትምህርቱ መሐል ላይ 12ቱም ስልክ ባንዴ ይወጣል።

12 ያልኩት 58ቱን በአምስት አምስት ከፍለህ በቡድን አንድ ስልክ ስትሰጥ ነው። ርካሽ ራውተር ለዚህ ቁጥር ልምምድና ሲሙሌሽን ያለ ችግር ያደርሳል። 12ቱም ባንዴ ቪዲዮ ከከፈቱ ግን ይንቀራፈፋል፤ ቪዲዮ በፕሮጀክተር አሳይ።

መብራት፦ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር አወር ፓወር ባንክ በስሌት 74 ዋት አወር ነው፤ በመቀየሩ የሚባክነውን ቀንስለትና 55 ያህል ያዝ። ትንሽ ራውተር 6 ዋት ገደማ ቢወስድ ከ8 ሰዓት በላይ ያቆይሃል። ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ የፓወር ባንኩን 5 ቮልት ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ ያስፈልግሃል። ባለ 5 ቮልት ራውተር ካገኘህ ግን እሱን ግዛ፣ በተራ የዩኤስቢ ገመድ ይሄዳል።

ደንገጎ 55

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ኤአዩን ማታ ቤትህ ሆነህ ተጠቀምበት፤ ጠዋት ክፍል ይዘኸው የምትገባው ያጣራኸውን ወረቀት ይሁን። ክፍል ውስጥ በቀጥታ ከፍቶ ማስተማር ዳታም ይበላል፣ ሲሳሳትም 58 ሰው ፊት ነው የሚሳሳተው።

ችግሩ የት እንዳለ በአንድ ጥያቄ ላሳይህ። «ለድሬ ተማሪ የሚቀርብ የአማካይ ፍጥነት ጥያቄ በአማርኛ አውጣ» ብትለው እንዲህ ዓይነት ነገር ይሰጥሃል፦

«አንድ ሚኒባስ ጠዋት 2፡00 ከድሬዳዋ ተነስቶ 55 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 9፡15 ሐረር ደረሰ። አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነው?»

ሲያዩት ደህና ይመስላል። መጀመሪያ ሰዓቱን እይ፦ መነሻው በኛ አቆጣጠር ነው፣ መድረሻው በፈረንጅ። እንደተጻፈው ካሰላነው ጉዞው 7 ሰዓት ከሩብ ይሆናል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 7.6 ኪሎ ሜትር። የደንገጎን ዳገት በሶምሶማ የሚወጣ ሰው ነው እንጂ ሚኒባስ አይደለም። ትክክለኛው መድረሻ 3፡15 ነው። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፣ የፊዚክስ ስለሆነ፦ 55 ኪሎ ሜትር የመንገዱ ርዝመት ነው፣ ዲስታንስ። በደንገጎ የሚጠማዘዘው አስፋልት ተዘርግቶ ነው 55 የሚሞላው፤ ከድሬ ሐረር በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ45 ያንሳል። ስለዚህ ከተሰጠው መረጃ ስፒድ እንጂ ቬሎሲቲ አይወጣም። ኤአይ ዲስታንስን ከዲስፕሌስመንት ምን እንደሚለየው ጠይቀው፣ አሳምሮ ይነግርሃል። ጥያቄ ሲያወጣ ግን ይዘነጋዋል።

ይህን ጥያቄ ግን አትጣለው፣ አስተካክለው። 55 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ አማካይ ስፒድ በሜትር በሰከንድ ስንት ነው በል። 55 ÷ 1.25 = 44 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ 44 ÷ 3.6 = 12.2 ሜትር በሰከንድ። ምርጫዎቹን ደግሞ ለኤአዩ አትተውለት፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የታወቀ የተማሪ ስሕተት ይሁን። 44ን የመረጠ ዩኒት አልቀየረም። 158.4ን የመረጠ በ3.6 ማካፈል ሲገባው አባዝቷል። 0.73ን የመረጠ 55ን ለ75 ደቂቃ አካፍሎ ዩኒቱን ረስቷል። እንዲህ ከሆነ እርማቱ ራሱ ነገ ምን እንደምትደግም ይነግርሃል። «የተለመዱ የተማሪ ስሕተቶችን ተጠቅመህ ምርጫ አውጣ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የትኛው ስሕተት እንደሆነ ጻፍ» ብለህ ብታዘው ረቂቁን ያወጣልሃል፤ ቁጥሩን ግን በካልኩሌተር አንተው አረጋግጠው።

የአጠያየቅ ነገር። «ስለ ሞሽን 10 ጥያቄ አውጣልኝ» ማለት ከዓለም ሁሉ ሰብስቦ እንዲሰጥህ መጠየቅ ነው፤ ካላስተማርከው ምዕራፍ ሳይቀር ይጠይቅብሃል። የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስተህ ወይም ጽሑፉን ገልብጠህ ስጠውና እነዚህን አስገባ፦ ክፍሉ 9ኛ መሆኑን፣ ከዚህ ገጽ ውጪ እንዳይወጣ፣ ስንት ጥያቄ ለማስታወስ፣ ስንት ለስሌት፣ ስንት ለማብራራት እንደሆነ፣ የመሬት ስበት 10 ይሁን 9.8፣ መልሱ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ በጥቅስ እንዲያሳይ። የመጨረሻው ዋናው ነው። ጥቅሱን መጽሐፉ ላይ ፈልገህ ካጣኸው ጥያቄውን ሰርዝ። 10 ከፈለግህ 16 አስወጣ፤ ስታጣራ ይወድቃል።

ስታጣራ ሁለት የማያስታውቁ ነገሮች አሉ። ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ረዝሞና ተብራርቶ ይጻፋል፤ ጮሌ ተማሪ ሳያነብ ረጅሙን ይመርጣል። ደግሞም መልሶቹ ቢና ሲ ላይ ይከማቻሉ፣ አንተው በትናቸው።

ቋንቋ ላይ፦ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አስወጣ። በአማርኛ ማብራሪያ ከፈለግህ ከመጀመርህ በፊት የቃል ዝርዝር ስጠው። ካልሰጠኸው ኃይል፣ ጉልበትና አቅም የሚሉትን ለፎርስ፣ ለኢነርጂና ለፓወር እያፈራረቀ ይጠቀማል፤ በአንድ አንቀጽ ፎርስ የነበረው በቀጣዩ ኢነርጂ ሆኖ ታገኘዋለህ። ተማሪው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የተማረበትን ቃል ወስደህ «ለዚህ ይህን ብቻ ተጠቀም» በለው። ነጻ አካውንት ካለህ ደግሞ አማርኛ ገደቡን ቶሎ እንደሚጨርስብህ እወቅ፤ እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፣ የኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቁራጭ ሆኖ ይቆጠራል።

የተማሪ ስም፣ ውጤት፣ ፎቶ አታስገባ። ውጤት እንዲተነትንልህ ከፈለግህ የስም ዝርዝሩን አውጥተህ ተራ ቁጥር ብቻ አስቀር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርስ የሰው ልጅ ውጤት የትም ይበተናል?

የሳቢያን ፊዚክስ

የደንገጎው ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ወስጄዋለሁ። ሦስተኛውን ግን ሁለታችሁም ዘለላችሁት።

ሸዋ በር

ሦስተኛውን እኔ ልሞክር። ከሐረር ነኝ፣ «አንተ» ብልህ የድሬ ሰው አይከፋውም መቼም።

መለያ ሶፍትዌር አትፈልግ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ባልሆነ ሰዎች በተጻፉ 91 የቶፍል ድርሰቶች ፈትነዋቸው ነበር፤ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን በሰው የተጻፈ ድርሰት «የማሽን ነው» ብለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መለያው የሚያየው ቃላቱ ምን ያህል ተገማች እንደሆኑ ነው፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ነው የሚደጋግመው። የኛ ተማሪ ማለት ነው። ቻትጂፒቲን የሠራው ድርጅት እንኳ የራሱን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አንስቶታል። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ዜሮ የሰጠኸው ልጅ ወላጁን ይዞ ቢመጣ የምታሳየው ማስረጃ የለህም።

የሚቀየረው የቤት ሥራው ነው። «የኒውተንን ሕጎች አብራራ» ካልክ ኤአይ ይጽፋል፤ እኔም ብሆን ከእሱ ነው የምገለብጠው። መረጃው ከተማሪው እጅ ብቻ የሚገኝ ሥራ ስጥ። ግቢ ውስጥ 20 ሜትር በሜትር ይለኩ፣ አንዱ በተለመደ እርምጃው ይሂድ፣ ሌላው በስልክ ሰዓት ይያዝ፣ አምስት ጊዜ ይደጋገም፣ አማካይ ይውሰዱ። የየቡድኑ ቁጥር ይለያያል። ኤአይ ስሌቱን ቢሠራላቸውም ችግር የለውም፣ ቁጥሩን ግን ሊፈጥርላቸው አይችልም። ከፈጠሩም ያስታውቃል፦ በእጅ የተያዘ ሰዓት 14.2፣ 13.8፣ 14.5 እያለ ይዋዥቃል፤ አምስቱም 14.0 ከሆነ ማንም አልሄደም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ መምህር በዚሁ ዘዴ ነጻ ውድቀትን ሊያስለካ ይሞክርና የስበት ቁጥሩ አንዱ ቡድን ጋ 6፣ አንዱ ጋ 17 ይመጣበታል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ጣት ሰዓቱን እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ለ14 ሰከንድ ጉዞ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ከ2 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር ግን በ0.64 ሰከንድ መሬት ስለሚደርስ ስሕተቱ ከሦስት እጅ አንድ ነው። ለሱ ፋይፎክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጫን፤ ጀርመን አገር አኸን ያለ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው፣ ነጻ፣ ከተጫነ በኋላ ያለ መስመር የሚሠራ። ውስጡ በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆም ሰዓት አለ። ማስመሪያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ወጣ አድርገህ ዳዶ ጫፉ ላይ አስቀምጥ፣ ከታች ትሪ አኑር። ማስመሪያውን በእስክሪብቶ ጠቅ ስታደርገው ሰዓቱ ይነሳል፣ ዳዶው ትሪው ላይ ቃ ሲል ይቆማል። ከዳዶው እስከ ትሪው ልክ 1 ሜትር ከሆነ 0.45 ሰከንድ አካባቢ ማንበብ አለብህ። 58 ልጅ የሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ሰዓቱ በጫጫታው ይነሳብሃል፤ ድምፅ የሚሰማበትን ልክ ከፍ አድርገው፣ አሊያም ኮሪደር ላይ በየተራ አሠራቸው። ይህ ማይክሮፎን ብቻ ስለሚፈልግ በርካሽ ስልክም ይሠራል፤ የማሽከርከር ልኬቶቹ ግን ጋይሮስኮፕ የሌለው ስልክ ላይ አይከፈቱም።

ማርኩን ከ10 እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ጥሬ መረጃው በእጅ ጽሑፍ 3፣ ስሌቱ 3፣ የቃል ማብራሪያው 4። ለ58 ተማሪ የቃል ፈተና አይቻልም የሚል ካለ፣ ከቡድኑ አንዱን በዕጣ አስነሳ፣ የሱ ውጤት የቡድኑ ነው። 12 ቡድን በሁለት ሁለት ደቂቃ 24 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ጥያቄው አንድ መስመር ላይ ጣት አድርጎ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ይሁን፣ ሌላ አይጨመርበት። ዕጣው ማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ጎበዙ ሰነፉን ሲያስረዳ ታየዋለህ።

ስለ ቋንቋ ደንገጎ ያለው ላይ ልጨምር። ድሬም ሐረርም 9ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ከአንድ ቋንቋ አይደለም የሚመጣው፤ በአማርኛ የተማረ አለ፣ በአፋን ኦሮሞ የተማረ አለ፣ በሶማሊኛ የተማረ አለ፣ ከዚያ በአንዴ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይባላል። ባዮሎጂ ውስጥ ሴል ሲባል አንዱ ሕዋስ፣ አንዱ ሴሊ፣ አንዱ ኡኑግ ብሎ ያውቀዋል። ለየምዕራፉ 15 ቃል ብቻ የያዘ ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ በኤአይ አስወጣና ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ሳታስመረምር ግን አትለጥፍ። ሦስቱንም የሚያስተምሩ መምህራን አንድ ስታፍ ውስጥ አሉልህ፤ 15 ቃል ለማየት የሻይ ሰዓት ይበቃል። ኤአዩ ቃሉን ሲያጣ አላውቅም አይልም፣ የሚመስል ቃል ይፈጥራል። የማያውቅ ሰው ደግሞ የተፈጠረውን ከእውነተኛው አይለየውም።

የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራን ካላችሁ ለእናንተ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ነው ወጥመዱ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፣ በኛ 1895። ኤአይ በአማርኛ ሲጽፍ «በ1902 ዓ.ም.» ብሎ ይለቃል፤ ሰባት ዓመት ተንሸራተተ። ልቀይር ሲልም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ 7 ነው። ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2006 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ውስጥ ስለሆነ እሱ በ8 ይቀነሳል፣ 1998። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰጥተህ አስቀይረው፤ መሣሪያህ የትኛው ላይ እንደሚስት በዚያው ታያለህ።

አሮጌው ፕላዝማ

ሁላችሁም ስልክ ስልክ አላችሁ። ግማሹ ተማሪ ስልክ የለውም ብሏችኋል እኮ።

ፕላዝማው በ1997 ዓ.ም. ሲገባ የነበረውን ያስታወሰ ሰው ከዚህ ይነሳ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ማስቆም የለ፣ መመለስ የለ፤ መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው ሄደ። መምህሩ ዳር ቆሞ ከተማሪው ጋር ያያል። ቴክኖሎጂው አልነበረም ጥፋቱ፣ መቆጣጠሪያው መምህሩ እጅ አለመሆኑ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ላስቆመው እችላለሁ?» ይሁን።

ለተማሪ ስልክ የማይጠይቅ ነገር ከፈለግህ ፕሊከርስ አለ። ለየተማሪው አንድ ወረቀት ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ጥቁር ቅርጽ አራት ጎን አለው፣ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል። አንተ በስልክህ ካሜራ ክፍሉን ከዳር ዳር ስታዞር ማን ምን እንደመለሰ ይመዘገባል። ትልቁ የካርድ ስብስብ 63 ነው፣ ለ58 ይበቃሃል። አንድ ኤ4 ላይ ሁለት ከታተመ 29 ወረቀት ነው። የደንገጎን ምርጫዎች በዚህ ብታስኬዳቸው ስንቱ 44 ላይ እንደወደቀ በሁለት ደቂቃ ታውቃለህ። ያንተ ስልክ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሚበላው ትንሽ ዳታ ቢሆንም መስመር በሌለበት ቀን አይሠራም።

ካርዱን የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን አታልብሰው፣ የመስኮቱን ብርሃን ይመልሳል፣ ካሜራው ያጣዋል። ወፈር ያለ ተራ ወረቀት ላይ ለጥፈው። ልጆቹ ቅርጹን በጣታቸው እንዳይሸፍኑ ጥጉን ይዘው እንዲያነሱ አስለምዳቸው። ጀርባቸውን ለመስኮት የሰጡት ላይ ካርዱ ይጨልማል፣ ያኔ አንተ ቦታ ቀይር። የመጨረሻው ረድፍ ካልተነበበ አንዱን ካርድ በሙሉ ኤ4 አትመህ ለኋለኞቹ ስጥ።

ፕሮጀክተሩን በተመለከተ፣ ድሬ ላይ የሚገድለው ሙቀትና አቧራ ነው። የአየር ማስገቢያውን ወንፊት በየሁለት ሳምንቱ አውጥተህ በደረቅ ቡርሽ አራግፈው፤ ወንፊቱ ሲደፈን ሞቀኝ ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ሰው ደግሞ ተበላሸ ብሎ ዕቃ ቤት ይከተዋል። ከጨረስክ በኋላ በራሱ ቁልፍ አጥፋና ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱን አትንቀል። መብራት ሲሄድ ግን ወዲያው ንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ቮልቴጅ አይታመንም። የተራ ዲቫይደር ላይ ያለችው መብራት እንዲሁ ትበራለች እንጂ መከላከያ አይደለችም፣ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

ዲቫይደር

ስሜን አጠፋኸው አቦ። ስለ ስልኩ ግን፣ በቡድን አንድ ከሆነ ከ58 ተማሪ 12 ስልክ ነው የሚፈለገው፤ ግማሹ ካለው ተርፎታል። ፈቃዱን ለአንድ ቀንና ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ በጽሑፍ ጠይቅ፣ የ12ቱን ስም አያይዝ፣ ጠዋት በር ላይ በካርቶን ተሰብስቦ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ይሰጥ፣ ሲያልቅ ይመለስ። «ለሴሚስተሩ» ብለህ ከጠየቅህ አይፈቀድልህም።

የሳቢያን ፊዚክስ

ፈቃዱን ነገ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ፌት የሚባሉትን ነጻ የሳይንስ ሲሙሌሽኖች አወረድኩና በቴሌግራም ለአንድ ተማሪ ላክሁለት። ስልኩ ላይ ሲከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

ዲቫይደር

ፋይሉ ደህና ነው። ስልኩ «ኤችቲኤምኤል ቪውወር» በሚባል ነገር ነው የከፈተው፣ እሱ ጽሑፍ ያሳያል እንጂ ሲሙሌሽኑን አያስኬድም። ከቴሌግራም በቀጥታ ከመክፈት ዳውንሎድስ ውስጥ ያስቀምጠው፣ ከፋይል ማኔጀር ላይ «ክፈት በ» ብሎ ክሮምን ይምረጥ። «ሁልጊዜ» የሚለውን ከነካ ሁለተኛ አይጠይቀውም። ፋይሉ ጥቂት ሜጋ ባይት ስለሆነ በዜንደርም ይተላለፋል፣ ዳታ አያስፈልግም። እምቢ ካለ የስልኩ ክሮም አሮጌ ነው፣ አዲሱን አስጭነው።

ከ«ፎርስስ ኤንድ ሞሽን፦ ቤዚክስ» ጀምር። ፍሪክሽኑን ዜሮ አድርገው ሳጥኑን እንዲገፉት አድርግና ከመልቀቃቸው በፊት «ስትለቁት ምን ይሆናል?» ብለህ አስጽፋቸው። አብዛኛው «ይቆማል» ብሎ ይጽፋል።